ዘፈኑ ቢወጣ ተውኔቱ ምን ይጎድለዋል?

ደብረ ማርቆስ ውስጥ አንድ ምሽት ሙዚቃዊ ተውኔት እያየሁ ሳለ፣ አጠገቤ የተቀመጠው ወጣት ስልክ ተደወለለት። መድረኩ ላይ ዘፈን ሊጀመር ነበር። «ጋሼ፣ መጣሁ፤ ቦታዬን ይያዙልኝ» ብሎኝ ወጣ። ዘፈኑ ሲያበቃ ተመልሶ «ምን አመለጠኝ?» ሲለኝ ትንሽ አሰብኩና «ምንም» አልኩት። እውነቴን ነበር። ሲወጣ እናቲቱ አገር ጥሎ ለሚሄደው ልጇ ስንቅ እየፈጨች ነበር፤ ሲመለስም እየፈጨች ነው። በመሐሉ ወጣቶች የአገር ልብስ ለብሰው ገቡ፣ እስክስታቸውን ወረዱት፣ ወጡ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። እኔም አጨበጨብኩ፤ ትከሻቸው አይታማም።

ግን እናቲቱስ? ልጇ ሊሄድባት አይደል?

ሰው ስለ ፍጹም ሙዚቃዊ ተውኔት ሲከራከር የሚያነሣው ዜማው ጆሮ ላይ መቅረቱን፣ ውዝዋዜው መድመቁን፣ መብራቱንና አልባሳቱን ነው። እኔ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ዘፈኑ ቢወጣ ታሪኩ ይሰበራል? ካልተሰበረ ዘፈኑ እንግዳ ነው፤ የቱንም ያህል ቢያምር።

መለኪያው ከባሕር ማዶ የመጣ እንዳይመስላችሁ። ጎጃም ውስጥ ያደገ ሰው ሰዎች መቼ እንደሚዘፍኑ ያውቃል። ምራት አማቷን ፊት ለፊት ክፉ ቃል አትናገርም። ወፍጮ ላይ ስትጎነበስ ግን ድንጋዩ ያጉረመርማል፣ እሷም ታንጎራጉራለች፤ የሆዷን ሁሉ በግጥም ታወጣዋለች። አማትም ሰምታ እንዳልሰማች ታልፋለች። ሙሾ አውራጇም እንዲሁ ናት፤ ለቀስተኛው መሐል ቆማ፣ በንግግር ቢባል ደም የሚያቃባውን ነገር በሁለት ስንኝ ጣል አድርጋው ታልፋለች። አዝማሪም ሹሙን የሚወርፈው በማሲንቆው ተጠልሎ ነው። ዜማ እኛ ዘንድ ይሉኝታን ለመሻገር የተሰጠ ፈቃድ ነው። ሰው የሚዘፍነው በንግግር የማይባል ነገር አፉ ላይ ሲደርስ ነው።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1964 ኒው ዮርክ ላይ መታየት የጀመረው «ፊድለር ኦን ዘ ሩፍ» የተባለ ሙዚቃዊ ተውኔት ይህን ከማንም በላይ የገባው ይመስለኛል። (በእኛ አፍ «ጣራ ላይ የወጣ አዝማሪ» ብንለው ብዙ አንሳሳትም።) በመጀመሪያው ዙር ብቻ 3,242 ጊዜ ታይቷል። መድረኩን አላየሁም፤ ያየሁት በ1971 የተሠራውን ፊልም ነው። ታሪኩ በሩሲያ ዛር (ንጉሠ ነገሥት) ዘመን በአንዲት ትንሽ መንደር ስለሚኖር ወተት ሻጭ አይሁዳዊና ስለ አምስት ሴት ልጆቹ ነው። ልጆቹን ለመዳር አገናኝ ይላካል፣ አባት ቃል ይሰጣል፣ ልጅ እንቢ ትላለች። ቢቸና ወይም ደጀን ላይ ቢሆን ኖሮ ከስሙ በቀር የሚለወጥ ነገር ያለው አይመስልም።

ከዘፈኖቹ አንዱ የባልና ሚስት ነው። ባልየው ልጆቹ «በፍቅር» እያሉ ሲያገቡ አይቶ ግራ ገብቶታል፤ ከሃያ አምስት ዓመት ትዳር በኋላ ሚስቱን «ትወጂኛለሽ?» ብሎ ይጠይቃታል። ምን ነካህ ትለዋለች። ልብስህን ሳጥብ፣ ስቀቅልልህ፣ ልጆች ስወልድልህ፣ ላምህን ሳልብ ሃያ አምስት ዓመት፤ አሁን ምን አመጣው? ይደግማል። መሸሽ ሲያቅታት እሱንም ራሷንም ትመረምራለች። እስቲ የጎጃም ገበሬ ሚስቱን ይህን ጥያቄ በተራ ንግግር ሲጠይቃት አስቡት! ጎረቤት ተጠርቶ ጠበል ይወስዱታል። በዜማ ግን ይቻላል። ያ ዘፈን ቢወጣ ሁለቱ ሰዎች እስከ መጨረሻው አይተዋወቁም ነበር።

ስለዚሁ ተውኔት የሚነገር አንድ ታሪክ አለ። አዘጋጁ ጀሮም ሮቢንስ ደራሲዎቹን «ይህ ተውኔት ስለ ምንድን ነው?» እያለ መላልሶ ጠየቃቸው። ስለ ወተት ሻጩ፣ ስለ ልጆቹ ቢሉት አልተቀበላቸውም። በመጨረሻ ስለ ወግና ልማድ መፍረስ መሆኑ ተነገረ፤ ከዚያ የመክፈቻው ዘፈን ተወለደ። የኛ አዘጋጆች የመጀመሪያውን የኪቦርድ ድምፅ ከማዘዛቸው በፊት ይህን ቢጠየቁ ስንቱ መልስ ይኖረው ይሆን?

«የእኛ ተመልካች ጭፈራ ይፈልጋል» የሚሉኝ አሉ። ይፈልጋል፤ እኔም እፈልጋለሁ። ቦታውን ነው የምለው። እዚያው ተውኔት ውስጥ ሰርግ አለ፤ ወንዶቹ ጠርሙስ አናታቸው ላይ አቁመው ይጨፍራሉ። ደስታው ጫፍ ሲደርስ የዛሩ ሰዎች ገብተው ሰርጉን ይበትኑታል። ጭፈራው ባይደምቅ ኖሮ መበተኑ አያምም ነበር።

ሌላው የሚያስቀናኝ ነገር ዘፈን ተመልሶ ሲመጣ ነው። የቅኔ ተማሪ የትናንቱን ቅኔ ዛሬ መድገም ነውር ነው፤ በየቀኑ አዲስ ይቆጥራል። ሙዚቃዊ ተውኔት ተቃራኒውን ያደርጋል። በአውሮፓውያኑ 1957 በተጀመረው ሌላ ሙዚቃዊ ተውኔት፣ «ዌስት ሳይድ ስቶሪ»፣ ሰላም ስላለበት አንድ ሥፍራ የሚዘፈን ዜማ አለ፤ መጀመሪያ ስንሰማው ሕልም ነው። መጨረሻ ላይ ማሪያ በጥይት የተመታውን ፍቅረኛዋን ቶኒን አቅፋ ያንኑ ዜማ ያለ ሙዚቃ መሣሪያ ትጀምረዋለች፤ አትጨርሰውም። ቃሉ ያው ነው፣ ትርጉሙ ግን ተገልብጧል። ሰሙ ሳይነካ ወርቁ ሲለወጥ ማለት ነው። ዋሸራ ቅኔ ቤት የተማረ ሰው ይህን ለማስረዳት ሁለት ደቂቃ አይፈጅበትም።

ደግሞ የቋንቋ ነገር አለ፤ የአማርኛ ቃል መጥበቁና መላላቱ ትርጉም ይለውጣል። እናቲቱ «ልጄ ገና ነው» ስትል ዜማው «ና»ን ካጠበቀባት ልጇን የታኅሣሥ በዓል አደረገችው። እንዲህ ያለ ነገር በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ኪቦርዱ ድምፁን ሲውጠው ደግሞ ስህተቱም አይሰማ፣ ግጥሙም አይሰማ።

ደብረ ኤልያስ የቀኝ ጌታ ዮፍታሔ ንጉሤ አገር ናት። ከቅኔ ቤት ወጥቶ ተውኔት የጻፈ፣ ተውኔቱንም በመዝሙር ያዋዛ ሰው ከዚህ ምድር በቅሏል። የኪነት ቡድኖቹ ዘመን ሲመጣ ግን መድረክ ዘፈን፣ ውዝዋዜ፣ አጭር ድራማ፣ እንደገና ዘፈን ሆነ። የጎጃሙን የጊሽ ዓባይ ኪነት ቡድን የመሰሉትን አልወቅስም፤ የእነሱ ሥራ ትርዒት ነበር፣ በትርዒትነቱም ድንቅ ነበር። የኔ ቅሬታ ያንኑ ቅደም ተከተል ይዘን ስሙን ሙዚቃዊ ተውኔት ባልነው በእኛ ላይ ነው።

ያን ምሽት እናቲቱ ስትፈጭ የድንጋዩ ድምፅ ለአፍታ አዳራሹን ሞልቶት ነበር። ምት ነበረው። ልጇ በሩ ላይ ቆሟል፤ «አትሂድብኝ» ልትለው አትችልም፣ ምክንያቱም እንዲሄድ በሬውን የሸጠችው ራሷ ናት። አፏን ከፈተች። ኪቦርዱ ገባ። ወጣቶቹ እየሮጡ ወጡና ከለሏት፤ ከዚያ በኋላ የታየኝ የቀሚሷ ጠርዝና ወዲያ ወዲህ የሚሄደው እጇ ብቻ ነበር።