ሃርድዌር ዋሌት ይዞ በጭፍን መፈረም

እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 21 ቀን 2025 ባይቢት ከተባለው የክሪፕቶ መገበያያ 1.5 ቢሊዮን ዶላር ገደማ የሚያወጣ ክሪፕቶ ተዘረፈ። አብዛኛው ኢቴሪየም ነበር። ከቀናት በኋላ ኤፍቢአይ ዘራፊዎቹ የሰሜን ኮሪያ ሀከሮች ናቸው አለ። ያን ገንዘብ ለማንቀሳቀስ የአንድ ሰው ፊርማ አይበቃም ነበር። ፈራሚዎቹ ሃርድዌር ዋሌት የተባለውን የክሪፕቶ መጠበቂያ ዕቃ ይዘው ነበር። የግል ቁልፋቸውን፣ ማለትም ፊርማው የሚሠራበትን ምስጢራዊ ኮድ፣ ማንም አልሰረቀም። ገንዘቡ የሄደው ራሳቸው ፈርመው ነው።

ሃርድዌር ዋሌት መግዛት በቂ ነው ብሎ የሚያምን ሰው ሳገኝ ይህን ታሪክ እነግረዋለሁ። መግዛቱ ግማሽ መንገድ ነው። የቀረው ግማሽ በመሣሪያውና በብራውዘሩ መካከል ነው ያለው። ስለሱ ደግሞ የሚያወራ ጥቂት ነው።

ሃርድዌር ዋሌት ፍላሽ የሚያክል ዕቃ ነው። የግል ቁልፉ እዚያው ውስጥ ይፈጠራል፤ እዚያው ይቀመጣል። ገንዘብ ስትልኩ ዌብሳይቱ ያልተፈረመ ግብይት ያዘጋጃል። መሣሪያው ይቀበልና በራሱ ስክሪን ያሳያችኋል። እናንተ አይታችሁ ትጫናላችሁ። ወደ ኮምፒውተሩ የሚመለሰው ፊርማው ብቻ ነው። ቫይረስ የሞላው ኮምፒውተር ላይ ብትሰኩት እንኳ ቁልፉ አይወጣም።

ብራውዘር ግን ዩኤስቢ ላይ የተሰካን ዕቃ በቀጥታ እንዳይነካ ተደርጎ ነው የተሠራው። እንዲያ መሆኑም ትክክል ነው። የከፈታችሁት ዌብሳይት ሁሉ የሰካችሁትን ዕቃ እንዳሻው ቢያዝ ምን እንደሚመጣ አስቡት። ስለዚህ መሐል ላይ የሚያገናኝ ነገር ያስፈልጋል። የቼክ ሪፐብሊኩ ሃርድዌር ዋሌት ሠሪ ትሬዘር ለዓመታት የተጠቀመበት ሶፍትዌር ስሙ ራሱ ብሪጅ ነው፤ ድልድይ ማለት ነው። ኮምፒውተሩ ላይ ይጫናል፤ ከብራውዘሩ የመጣውን መልእክት ለመሣሪያው ያደርሳል። ግን ከማንም አይቀበልም። መልእክቱ ከየትኛው አድራሻ እንደመጣ ያያል፤ ከትሬዘር የራሱ ገጽ ካልሆነ አያሳልፍም። ሌሎች ዌብሳይቶች በትሬዘር ኮኔክት በኩል ነው የሚመጡት። የትሬዘር መስኮት ይከፈትና ማን ምን እንደጠየቀ ይነግራችኋል፤ ከፈቀዳችሁ ይቀጥላል። ይህ አሠራር ደስ ይለኛል። የዌብሳይቱ እጅ መሣሪያው ላይ በቀጥታ አይደርስም።

በ2017 ክሮም ዌብዩኤስቢን ይዞ መጣ። ምንም ነገር ሳይጫን ብራውዘሩ ራሱ ከዕቃው ጋር ያወራል። ምቾቱ አይካድም። ሞዚላ ግን ፋየርፎክስ ላይ አላስገባም አለ። ብዙ የዩኤስቢ ዕቃዎች ከተንኮለኛ ዌብሳይት የሚመጣ ትእዛዝን ለመቋቋም አልተሠሩም፤ ተጠቃሚውም ምን እየፈቀደ እንደሆነ በቅጡ አያውቅም የሚል ነው ምክንያቱ። በ2018 ሁለት ተመራማሪዎች በዚሁ መንገድ የአንዳንድ ዩቢኪ የደህንነት ቁልፎችን የማስገር (በሐሰተኛ ገጽ ወይም መልእክት የማታለል) መከላከያ ማለፍ እንደሚቻል አሳዩ። ክሮምም ቀዳዳውን ደፈነ። እኔ ሞዚላን ትክክል ነበር እላለሁ።

ድልድዩ ጠንካራ ነው እንበል። በላዩ የሚያልፈውስ? በዲሴምበር 2023 ሌጀር ኮኔክት ኪት የተባለው የኮድ ጥቅል ተበከለ። ዌብሳይቶች ዋሌት ለማገናኘት የሚጠቀሙበት ነው። የፈረንሳዩ ሃርድዌር ዋሌት ሠሪ የሌጀር አንድ የቀድሞ ሠራተኛ በማስገር ተታለለ፤ የመግቢያ ፈቃዱም ሌባ እጅ ገባ። ሌባው የራሱን ኮድ አስገባበት። ሱሺስዋፕን የመሳሰሉ የክሪፕቶ መለዋወጫ ዌብሳይቶች ሳያውቁት የሌባ መልእክተኛ ሆኑ። ሌጀር ባወቀ በ40 ደቂቃ ውስጥ ማስተካከያ አወጣ። ያም ሆኖ 600 ሺህ ዶላር ገደማ ተወስዷል።

ባይቢት ላይም ተመሳሳይ ነገር ነው የሆነው። ገንዘቡን የሚያንቀሳቅሱበት የሴፍ ዋሌት ዌብሳይት ኮድ ተቀይሮ ነበር፤ ያውም ባይቢትን ብቻ ለይቶ እንዲያጠቃ ተደርጎ። ኮምፒውተሩ ላይ የታያቸው የተለመደ ዝውውር ነው። ወደ መሣሪያው የሄደው ሌላ ነው። መሣሪያው ደግሞ ያሳያቸው ሰው አንብቦ የማይረዳውን የፊደልና የቁጥር ክምር ነው። ፈራሚዎቹም ተጫኑት። በጭፍን መፈረም ማለት ይህ ነው።

አያቴ ማንበብ አትችልም ነበር። የመሬት ውል ሲመጣላት አንዱን ልጅ ታስነብባለች። ከዚያ እሱን ውጣ ትልና ሌላ ጠርታ እንደገና ታስነብባለች። የሁለቱ ንባብ ካልገጠመ አውራ ጣቷን ቀለም አታስነካም። ብራውዘሩ የመጀመሪያው አንባቢ ነው። የመሣሪያው ትንሽ ስክሪን ሁለተኛው ነው። ሁለተኛው አንባቢ ማንበብ ካልቻለ የአያቴ ጥንቃቄ ምን ይሠራላታል?

ጥፋቱን ፈራሚው ላይ ብቻ መጣል የማልወደው ለዚህ ነው። ስንት ገንዘብ፣ ለማን፣ ምን ዓይነት ፈቃድ እንደሚሰጥ በሚነበብ ቋንቋ ማሳየት የሠሪዎቹ ሥራ ነው። ኢቴሪየም ላይ ኢአይፒ 712 የሚባል መስፈርት አለ፤ የሚፈረመው ነገር ተለይቶ እንዲታይ ታስቦ ከወጣ ዓመታት አልፈዋል። ሌጀር ራሱ ከ2023ቱ ጥቃት በኋላ በመሣሪያዎቹ በጭፍን መፈረምን እስከ ጁን 2024 እንደሚያስቀር ቃል ገብቶ ነበር። ባይቢት የተዘረፈው ከዚያ ስምንት ወር ቆይቶ ነው። የባይቢት ኃላፊ ቤን ዡ የፈረመውም በሌጀር ነበር። ቃል ከገቡ ቀኑን መጠበቅ ነበረባቸው። የሰው ጥሪት ነው።

እስከዚያ ግን ገንዘቡ የእናንተ ነው። የምትልኩበትን አድራሻ ከመሣሪያው ስክሪን ላይ ሙሉውን አንብቡ፤ መጀመሪያና መጨረሻው የሚመሳሰል አድራሻ እየሠሩ የሚያታልሉ አሉ። ዋሌቱን ለማገናኘት 12ቱን ወይም 24ቱን ቃላት፣ ማለትም መሣሪያው ቢጠፋ ዋሌቱ የሚመለስባቸውን ምስጢራዊ ቃላት፣ ኪቦርድ ላይ ጻፉ የሚል ገጽ ካያችሁ ወዲያው ዝጉት፤ ለማገናኘት እነዚያ ቃላት በፍጹም አያስፈልጉም። በቴሌግራም እርዳታ ሰጪ ነኝ ብሎ የሚጠይቃችሁም ሌባ ነው።

እኔ በጭፍን መፈረምን የሚፈቅደውን ሴቲንግ ዘግቼዋለሁ። አንዳንድ ዌብሳይት በዚህ ምክንያት እንቢ ይለኛል። ባለፈው ሳምንትም አንዱ እንቢ አለኝ፤ ዘግቼው ሌላ ፈለግሁ።