ያየውን ተናግሮ የሚተወው ጄኔራል

በጥር 1970 ዓ.ም. መጨረሻ ደርግ በሁለት ጎኑ ተይዞ ነበር። በምሥራቅ የዚያድ ባሬ ጦር ጅጅጋን እንደያዘ ነው፤ በሰሜን አብዛኞቹ የኤርትራ ከተሞች ከመንግሥት እጅ ወጥተዋል። ሞስኮና ሃቫና ቢደርሱለትም ሠራዊቱ በንጉሡ ዘመን የታጠቀው የአሜሪካ መሣሪያ መለዋወጫና ጥይት ይፈልግ ነበር። እሱን በድብቅ ከሚያቀርቡለት አንዷ እስራኤል ናት። ሁለቱ አገሮች ከጥቅምት 1966 ዓ.ም. ወዲህ በይፋ ግንኙነት የላቸውም፤ የአረብ መንግሥታት ብዙዎቹ ለሶማሊያ ወግነዋል፤ ምሥጢሩ ለሁለቱም ወገን ያስፈልግ ነበር። እንዲህ ባለ ሰዓት የእስራኤል የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ስዊዘርላንድ ውስጥ ጋዜጠኞች ፊት ቆሞ አገሩ ለኢትዮጵያ መሣሪያ እንደምትሸጥ ተናገረ። አዲስ አበባ ካደች፤ ስምምነቱም በዚያው ተቋረጠ።

የንግግሩ ዳፋ የወደቀው ጎንደር መንደሮች ላይ ነው። ጠቅላይ ሚኒስትር ምናሔም ቤጊን ከደርግ ጋር በደረሰበት ስምምነት መሠረት፣ መሣሪያ አራግፈው የሚመለሱ አውሮፕላኖች በ1977 (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ወራትና ቀናት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በሁለት ዙር 120 ያህል ቤተ እስራኤላውያንን ይዘው ሄደው ነበር። ሦስተኛ ዙር አልነበረም። በር ሲዘጋ የቀረው የእግር መንገድ ነው፤ በሱዳን በኩል። በዚያ መንገድና በሱዳን መጠለያዎች 4,000 ያህል ሰው እንዳለቀ ይገመታል። ይህን ሁሉ በአንድ ሰው አፍ ማሳበብ ግፍ ይሆናል፤ ድርቁ ነበር፣ ጦርነቱ ነበር፣ ደርግ ራሱ ነበር። ሆኖም ከአፍ የወጣ አፋፍ ነውና፣ ሕጋዊው በር የተዘጋው በዚያች ንግግር ምክንያት ነው።

ተናጋሪው ሞሼ ዳያን ነው። አምልጦት ነው ወይስ አስቦበት የሚለው ክርክር እስከ ዛሬ አልተቋጨም። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ስለ ዳያን በአማርኛ ስናወራ ሁልጊዜ የምናነሳው የስድስቱን ቀን ጦርነትና ያንን ግራ ዓይኑን የሸፈነበትን ጥቁር ጨርቅ ነው፤ ጀግና ነው ወይም ጨካኝ ነው ብለን እናልፋለን። የሕይወቱን መዝገብ ለገለጠ ሰው ግን የሚታየው ሌላ ሰው ነው፦ ከጓዶቹ ሁሉ ቀድሞ የሚያይ፣ ያየውን ሳይደብቅ የሚናገር፣ ከዚያ ግን በአቋሙ ሳይጸና ነገሩን ለሌሎች ጥሎ የሚሄድ። ዋጋውን የሚከፍሉትም እነዚያ ሌሎች ናቸው።

ከ1956 ልጀምር። ዳያን ያኔ 40 ዓመቱ ነው፤ የጦር ኃይሎች ኤታማዦር ሹም ከሆነ ሦስተኛ ዓመቱን ይዟል። በሚያዝያ ወር መጨረሻ ናሐል ዖዝ በምትባለው የጋዛ ድንበር ኪቡትስ (የጋራ እርሻ መንደር) ሮይ ሮትበርግ የተባለ የ21 ዓመት የጥበቃ ኃላፊ ተገደለ። ዳያን በማግስቱ መቃብሩ ላይ የተናገረው አጭር ንግግር እስራኤል ውስጥ እስከ ዛሬ ይጠቀሳል። ገዳዮቹን ዛሬ አንውቀሳቸው አለ። ስምንት ዓመት ሙሉ በጋዛ የስደተኞች መጠለያ ተቀምጠው፣ እነሱና አባቶቻቸው የኖሩባትን ምድር እኛ የራሳችን ስናደርጋት በዓይናቸው እያዩ፣ ቢጠሉን ምን ይገርማል? እንግዲህ በዚያን ዘመን ይህን የሚል የእስራኤል ባለሥልጣን ከየት ይገኛል! ግን የንግግሩ መደምደሚያ ሌላ ነው፤ የእኛ ትውልድ ዕጣ ሰይፍ መጨበጥ ነው፣ ሰይፉ ከእጃችን ከወደቀ ሕይወታችን ይቆረጣል የሚል። ጠላቱን እንደ ሰው አየው፤ ካየው ነገር ግን ምንም ዓይነት ፖሊሲ አላወጣም። በዚያው ዓመት ጥቅምት መጨረሻ ጦሩን ሲና በረሃ ውስጥ አስገባ።

ዓይኑን ያጣበት ታሪክ ብዙ ስለተወራለት አላስረዝመውም። በ1915 ከገሊላ ባሕር አጠገብ በደጋንያ ተወለደ፣ ናሃላል በምትባል የገበሬዎች መንደር አደገ፣ በልጅነቱ ሃጋና የሚባለው የአይሁድ ስውር ታጣቂ ድርጅት አባል ሆነ። በ1939 እንግሊዞች በሕገ ወጥ የጦር ልምምድ ያዙትና አሥር ዓመት ፈረዱበት፤ አንድ ዓመት ተኩል ሳይሞላው ለቀቁት፤ በሰኔ 1941 ደግሞ ከአውስትራሊያ ወታደሮች ጋር ለእንግሊዝ ተሰልፎ ሊባኖስ ገባ። ከያዙት የፖሊስ ጣቢያ ሆኖ በርቀት መነፅር ሲቃኝ ለጀርመን ያደረው የቪሺ ፈረንሳይ መንግሥት ተኳሽ መነፅሩን መታው። ስብርባሪው ዓይኑ ውስጥ ገባ። ያ ጨርቅ በኋላ ፖስተር ላይ ሲያምር፣ እሱ ግን ሰው ሲያፈጥበት አይወድም ነበር።

ሰኔ 1967። ዳያን መከላከያ ሚኒስትር የሆነው የስድስቱ ቀን ጦርነት ሊጀመር አራት ቀን ሲቀረው፣ በሕዝብ ጩኸት ነው። ጦሩን ለዓመታት ያዘጋጀው ኤታማዦር ሹሙ ይስሐቅ ራቢን ነበር፤ ክብሩን ግን ዳያን ወሰደው። ያም ሆኖ በእነዚያ ቀናት ያደረጋቸው ሁለት ነገሮች የሚያስመሰግኑት ናቸው። ወታደሮቹ በኢየሩሳሌም የዓለት ጉልላት መስጊድ ላይ የሰቀሉትን የእስራኤል ባንዲራ ወዲያው አስወረደ፤ የግቢውንም አስተዳደር በሙስሊሞቹ የወቅፍ (የሃይማኖት ንብረት) ሹማምንት እጅ እንዲቆይ አደረገ። የዮርዳኖስን ድልድዮችም ለንግድና ለዘመድ ጥየቃ ክፍት አድርጎ ተወ። ድል ባሰከረው ሕዝብ መካከል እንዲህ ማሰብ ቀላል አልነበረም።

የዚያኑ ሳምንት ሌላኛውን ገጽ እንይ። ዳያን ጦሩ የሱዌዝ ቦይ ዳር እንዳይደርስ አዘዘ፤ ግብፅ ቦይዋን ሳትከፍት አትተኛም ብሎ። ጦሩ ደረሰ፤ እሱም ተቀበለ። የጎላን ኮረብታዎችን መያዝ አይበጅም ብሎ በካቢኔው ፊት ተከራከረ። ከዚያ ሰኔ 9 በማለዳ ስልክ አንስቶ የሰሜን ዕዝ አዛዡን ዳዊት ኤልዓዛርን በቀጥታ «ግባ» አለው። ጠቅላይ ሚኒስትሩን አልጠየቀም፤ ኤታማዦር ሹሙን ራቢንን ዘለለው። በአንድ ሌሊት ምን አሳሰበው? ከዓመታት በኋላ ለአንድ ጋዜጠኛ፣ ከሞቱ በኋላ በ1997 በወጣ ቃለ ምልልስ፣ ከጦርነቱ በፊት የነበሩትን አብዛኞቹን የሶርያ ድንበር ግጭቶች የጫርነው እኛው ነበርን ብሎታል። አሁንም ያው ነው። እውነቱን ያውቀዋል፣ ይናገረዋልም፤ ለውሳኔው ግን ሲዘገይ ነው።

በነገራችን ላይ፣ እስራኤል የኢየሩሳሌምን ድል የምታስብበት ቀን፣ ዳያን የራስ ቁሩን ደፍቶ ከራቢን ጋር በአንበሳ በር ሲገባ የሚታይበት ያ ፎቶግራፍ በየቦታው የሚለጠፍበት ቀን፣ በሱዳን መንገድ የቀሩት ቤተ እስራኤላውያን በሄርጽል ተራራ የሚዘከሩበትም ቀን ነው። በአንዱ ሥነ ሥርዓት ስሙ ይጠራል፤ በሌላው አይነሳም።

ከ1967 እስከ 1973 ያለው ዘመን የዳያን ታላቅነትና ድክመት በአንድ ላይ የሚታይበት ነው። አረቦች ስልክ እስኪደውሉልን እንጠብቃለን ይል ነበር። በሲና ደቡብ ጫፍ ያለችውን ሻርም አል ሼክን ሰጥቶ ሰላም ከማግኘት፣ ያለ ሰላም ሻርም አል ሼክን ይዞ መቆየት ይሻላል ያለውም እሱ ነው። ሲና ውስጥ ያሚት የምትባል የእስራኤላውያን ከተማ እንድትመሠረት የገፋም እሱ። ግን በ1970 መጨረሻ ላይ አንድ ትልቅ ነገር አየ፦ ጦራችን ከሱዌዝ ቦይ ዳር ትንሽ ወደ ኋላ ቢል፣ ግብፅ ቦይዋን ከፍታ በዳሩ ያሉትን ከተሞቿን ብትመልስ፣ ጦርነት የመክፈት ፍላጎቷ ይቀዘቅዛል አለ። ጠቅላይ ሚኒስትሯ ጎልዳ ሜየር አልወደደችውም፤ ሚኒስትሮቹም አልተቀበሉትም። ዳያንም ሐሳቡን አጣጥፎ ኪሱ ከተተ።

እዚህ ላይ የሚከራከሩኝ አሉ። በካቢኔ የተሸነፈ ሚኒስትር ቢታዘዝ ምን ያስወቅሰዋል፣ ዴሞክራሲ ማለት ይኸው አይደለም ወይ ይላሉ። ለተራ ሚኒስትር ልክ ነው። ዳያን ግን ተራ አልነበረም። በአገሩ የሱን ያህል ተወዳጅ ፖለቲከኛ አልነበረም፤ ካልሰማችሁኝ ወንበሩን ውሰዱት ቢል ጎልዳ ሁለት ጊዜ ማሰቧ አይቀርም ነበር። አላለም። ያንን ተወዳጅነት ለምን እንዳስቀመጠው አላውቅም፤ ለምን እንዳላወጣው ግን እገምታለሁ። ብቻውን ተሸንፎ መታየትን አይችልም ነበር።

ጥቅምት 6 ቀን 1973 ማለዳ ኤልዓዛር፣ ያ በ1967 በስልክ ያዘዘው ሰው፣ አሁን ኤታማዦር ሹም ሆኖ ሙሉ ክተት ይታወጅ፣ የአየር ኃይሉም ቀድሞ ይምታ ብሎ ጠየቀ። ዳያን ሁለቱንም ተቃወመ፤ ለመከላከል ያህል የተወሰነ ጦር ይበቃል ባይ ነበር። ጎልዳ በክተቱ የኤልዓዛርን፣ በአየር ጥቃቱ የዳያንን አሳብ ተቀበለች። ከሰዓት በኋላ በስምንት ሰዓት የግብፅና የሶርያ ጦር ገባ። በማግስቱ ዳያን ከግንባር ሲመለስ ፊቱ ሌላ ሆኖ ነበር፤ የሦስተኛው ቤተ መቅደስ መጨረሻ መጣ፣ ማለትም እስራኤል መጥፋቷ ነው፣ እያለ ያወራ እንደነበር አብረውት የነበሩት ተናግረዋል። ከ2,500 በላይ የእስራኤል ወታደሮች ሞቱ።

የማልምረው ከዚያ በኋላ ያደረገውን ነው። የጦርነቱን ጥፋት የመረመረው የአግራናት ኮሚሽን በሚያዝያ 1974 ባወጣው ሪፖርት ጥፋቱን በኤልዓዛርና በስለላ ሹማምንቱ ላይ ጫነ፤ መከላከያ ሚኒስትሩን ነፃ አደረገ። ኤልዓዛር ዕለቱን ለቀቀ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ በ50 ዓመቱ በልብ ድካም ሞተ። ዳያን ለጎልዳ መልቀቅ እችላለሁ ብሏት ነበር፤ አትልቀቅ ስትለው እሺ አለ። ከግንባር የተመለሱ ተጠባባቂዎች በጎዳና ሲጮኹበት፣ የልጆቻቸውን አስከሬን የቀበሩ ወላጆች በቀብር ላይ ሲሰድቡት እንኳ ወንበሩ ላይ ነበር። የሄደው የጎልዳ መንግሥት ራሱ ሲወድቅ ነው። በእኛም አገር ሹም ሲያጠፋ ከበታቹ ያለው ሲወድቅ ማየት የለመድነው ነገር ስለሆነ፣ የኤልዓዛር ዕጣ ለአማርኛ አንባቢ ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ታሪኩ እዚህ ቢቆም ኖሮ ይህን ጽሑፍ አልጽፈውም ነበር። በ1977 የተቀናቃኙ ፓርቲ መሪ ቤጊን ሲመረጥ ዳያንን ውጭ ጉዳይ ሚኒስትር አደረገው። የቀድሞ ጓዶቹ ከሃዲ አሉት። ዳያን ግን ከ1973 በኋላ የሚያጣው ዝና አልነበረውም፤ ይህም ነፃ ያወጣው ይመስለኛል። በመስከረም ዊግና የጢም ቅጥያ አድርጎ፣ ጥቁሩን ጨርቅ አውልቆ ጥቁር መነፅር ሰክቶ ሞሮኮ ገባ፤ በንጉሥ ሐሰን አማካይነት ከግብፁ ፕሬዚዳንት ከሳዳት መልእክተኛ ከሐሰን ቱሃሚ ጋር ተገናኘ። ከሁለት ወር በኋላ ሳዳት ኢየሩሳሌም ነበር። በ1978 አሜሪካ ውስጥ በካምፕ ዴቪድ በተደረገው የእስራኤልና የግብፅ ድርድር ቤጊን የሲና ሰፈሮችን አላፈርስም ብሎ ሲገትር፣ ለማግባባት ሌት ተቀን ከለፉት አንዱ ዳያን ነው። ያሚትን የተከለው ሰው ያሚትን ለመንቀል ተስማማ። ሻርም አል ሼክም አብራ ሄደች።

ለኢትዮጵያ ምሥጢር ያልጠነቀቀው ሰው ለሞሮኮው ምሥጢር ዊግ ማጥለቁ ያናድዳል። ምክንያቱ ግን ሩቅ አይደለም፤ ለሱ ግብፅ ዋና ጉዳይ ናት፣ የጎንደር ገበሬዎች ዳር ያሉ ነበሩ። በካይሮ ጉዳይ ቃላቱን ይመዝናል፤ በአዲስ አበባ ጉዳይ መመዘን አላስፈለገውም። ትልቅ ፖለቲከኛ ትንሽ በሚለው ጉዳይ ላይ ነው ጥንቃቄው የሚለካው ብዬ አምናለሁ፤ በዚህ መለኪያ ዳያን ወድቋል። በ1985 መጀመሪያ ቤተ እስራኤላውያንን ከሱዳን በአውሮፕላን ያወጣ የነበረው የሙሴ ዘመቻ ሲጋለጥና በረራው ሲቆም፣ ምሥጢሩን ያወጡት የእስራኤል ሹማምንት ከዳያን ስህተት የተማሩ አይመስልም።

በጥቅምት 1979 ቤጊን የፍልስጤማውያንን የራስ አስተዳደር ድርድር ለአገር ውስጥ ሚኒስትሩ ለዮሴፍ ቡርግ ሰጠው። ዳያን ይህ ሰው ተደራዳሪ አይደለም፣ መንግሥትም ራስ አስተዳደሩን ከልቡ አይፈልገውም ብሎ ሥራውን ለቀቀ። ካንሰር ይዞት፣ ዓይኑም እየደከመ ነበር። በአቋሙ ምክንያት ወንበሩን የተወበት ዋናው ቀን ይኸው ነው፤ ዘግይቷል፣ ግን አደረገው። በ1981 ቴሌም የሚል ፓርቲ መሥርቶ፣ ስምምነት ባይኖርም እስራኤል በራሷ ውሳኔ የጦር አስተዳደሩን ከተያዙት ግዛቶች ታንሳ ብሎ ለምርጫ ቀረበ። ከ120ው የክኔሴት (የእስራኤል ምክር ቤት) ወንበር ያገኘው 2 ብቻ ነው። ጥቅምት 16 ቀን፣ ሳዳት በተገደለ በአሥረኛው ቀን፣ ሞተ። ናሃላል ተቀበረ፤ ፓርቲውም ከሱ በኋላ ብዙ ሳይቆይ ተበተነ።