ፍትሕ በሚሽከረከር ወንበር

ጠበቃው ጀርባውን ሰጥቶናል። የሚታየን የጥቁር ቆዳ ወንበር መደገፊያና ከላዩ ብቅ ያለች መላጣ ብቻ ናት። ዋሽንት ይነፋል። ወንበሩ ቀስ እያለ መዞር ይጀምራል፤ ሩብ ዙር፣ ትንሽ ቆም፣ እንደገና ሩብ። ፊቱ ሲደርስልን ጣቶቹ ጠረጴዛ ላይ ተቆላልፈዋል፣ ግንባሩ ተቋጥሯል፣ ዓይኑ ከካሜራው ትንሽ ወደ ግራ ያያል። እዚያ ጋ ጽሑፍ ይዞ የቆመ ሰው እንዳለ ሕፃንም ያውቃል። ሠላሳ ሰከንድ አልፏል፤ እስካሁን አንድ ቃል አልወጣም።

ጎበዝ! ከዚህ የበለጠ ግርማ ሞገስ ያለው ሙያ ካለ አሳዩኝ።

ሰሞኑን ቲክቶክ በከፈትኩ ቁጥር ወንበር ይዞርብኛል። የሕግ ባለሙያዎቻችን የመጀመሪያ ቪዲዮአቸውን የሚያወጡበት ወራት ላይ ነን፤ እኔም ይህን ጥበብ ሳላመሰግን ባልፍ ነውር ነው። የሚያሾፉ አሉ። «ምን አለ ቶሎ ወደ ነገሩ ቢገባ?» ይላሉ። ቶሎ ወደ ነገሩ መግባት የደላላ ጠባይ መሆኑን አያውቁም። ቀጠሮ ሦስት ወር በሚሰጥበት አገር ጠበቃ በሦስት ሰከንድ ወደ ነገሩ ቢገባ ማን ያምነዋል?

ጅማሮው በ2013 ነው። ከዚያ በፊት ጠበቃ ብቻውን የሚቆም ፍጡር ነበር። በስሙ ፈቃድ ያወጣል፣ በስሙ ይከራከራል፣ ቢረታም ቢረታም (አንዱን አጥብቃችሁ አንብቡት) በስሙ ነው። አዋጅ ቁጥር 1249/2013 መጣና ጠበቆች ተሰባስበው የጥብቅና ድርጅት እንዲያቋቁሙ በሩን ከፈተ፤ ኃላፊነቱ የተወሰነ የሽርክና ማኅበር። በአንድ ጀምበር «እገሌና አጋሮቹ» የሚል ታፔላ በየፎቁ ተሰቀለ። ድርጅት ካለ አርማ አለ፣ አርማ ካለ የሚዞርበት ሙዚቃ አለ፣ ሙዚቃ ካለ እንግዲህ ቪዲዮ መሥራት ግዴታ ሆነ። ሕግ አውጪው ይህን አስቦ ይሆን? እንጃ። ግን ተባረክ።

ይህን የምለው ከሩቅ አይቼ አይደለም። ከነዚህ ቪዲዮዎች የአንዱ ካሜራ ያዥ እኔ ነበርኩ። የእናቴ የአክስት ልጅ ጠበቃ ነው፤ ስሙን አልጠራም፣ መክሰስ እንጀራው ነው። አንድ ቅዳሜ ደወለና «አንተ ልጅ፣ ያቺ ጥሩ ስልክ አሁንም አለችህ?» አለኝ።

«አለችኝ፣ ጋሼ።»

«በቃ ሰኞ ና። ማርኬቲንግ ልንጀምር ነው።»

በጀቱን ጠየቅኩት። «በጀት ማለት?» አለ። ስንከራከር ቆይተን በሦስት ሺህ ብርና በአንድ ክትፎ ተስማማን። በብሩ ሪንግ ላይትና የአንገት ማይክ ተከራየሁ። ክትፎው እስከ ዛሬ አልተፈጸመም። በጽሑፍ አልነበረማ! ከጠበቃ ጋር በቃል የተዋዋልኩ ጅል እኔ ነኝ።

ሰኞ ቢሮው ስደርስ የመጽሐፍ ድርደራ ላይ ነበሩ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ 3,367 አንቀጾቹን ይዞ መሀል ላይ ተሰይሟል። ግራና ቀኙን የነጋሪት ጋዜጣ ጥራዞች አጅበውታል። መደርደሪያው ግን አልሞላ አለ። ጋሼ ቤት ደውሎ አስመጣና ክፍተቱ በ2009 እና በ2011 አጀንዳዎች፣ በአንድ የመኪና መመሪያና በልጁ የስምንተኛ ክፍል ባዮሎጂ ተሞላ። የባዮሎጂው ጀርባ ላይ እንቁራሪት ስላለች ወደ ግድግዳ አዞርናት። ተመልካች መጽሐፍ እንጂ አርእስት አያይም፤ ይህን የደረሰበት ጋሼ ነው፣ ትልቅ ግኝት ነው።

ቀጥሎ ካባው ወጣ። «ጋሼ፣ ካባ ችሎት ፊት የሚለበስ አይደል?» ብል፣ «ተመልካቹ ነው ችሎቴ» አለኝ። እንዲህ ያለ መልስ ከመጣ በኋላ ምን ይባላል? መስኮቱን ዝጋ አለኝ፣ ዘጋሁ። ከሪንግ ላይቱ ጋር ተደምሮ ክፍሉ የዳቦ ምድጃ ሆነ። ጸሐፊዋ በየደቂቃው ግንባሩን በሶፍት ትጠርግለታለች።

ችግሩ መዶሻው ላይ ነበር። ጋሼ ጠረጴዛው ላይ የዳኛ መዶሻ እንዲኖር ይፈልጋል። አንተ ዳኛ አይደለህም አልተባለም፤ እሱም ጠፍቶት አይደለም። «አሜሪካኖች እንዲህ ነው የሚሠሩት» አለ። መዶሻ ግን አልተገኘም። ሻይ የሚያፈሉት እናታችን ከጓዳ የነጭ ሽንኩርት ዘነዘና ይዘው መጡ። ከሩቅ ሲታይ ያው ነው። ከቅርብ ይሸታል፤ ደግነቱ ሽታ አይቀረጽም።

አሜሪካ ከተነሣ አይቀር ስለ አሜሪካኖቹ አንድ ነገር ልበል። ጠበቃ ራሱን ማስተዋወቅ እዚያም ነውር ነበር፣ ያስቀጣም ነበር። በ1976 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ፊኒክስ ከተማ ውስጥ ቤትስና ኦስቲን የሚባሉ ሁለት ወጣት ጠበቆች ጋዜጣ ላይ ማስታወቂያ አወጡ። ምን ይላል? ጠበቃ ይፈልጋሉ ወይ ይላል፤ ከዚያ ዋጋ ይዘረዝራል። ባልና ሚስት ተስማምተው የሚፈራረሙት ፍቺ 175 ዶላር፣ የፍርድ ቤት ማስከፈቻ ተጨማሪ 20 ዶላር። አለቀ። የግዛቱ የጠበቆች ማኅበር ከሰሳቸው፣ ነገሩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ፣ በ1977 በአምስት ለአራት ድምፅ ማስታወቂያው የመናገር ነጻነት ነው ተባለ። እስቲ ይታያችሁ! ያ ሁሉ ሙግት ለምን? ዋጋ ለመናገር! ወንበር የለ፣ ዋሽንት የለ፣ ካባ የለ። የኛዎቹ እንዲህ ያለ ውርደት ውስጥ አይገቡም። ዋጋ የጠየቀ ሰው «ቢሮ ይምጡና እንነጋገራለን» ይባላል።

ወደ ቀረጻው ልመለስ። ጽሑፉን ጋሼ ራሱ አርቅቆታል። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር እንዲህ ይነሣል፤ «ድርጅታችን በፌደራል ጥብቅና አገልግሎት ፈቃድ አሰጣጥና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1249/2013 አግባብነት ያላቸው ድንጋጌዎች መሠረት ተቋቁሞ የሕግ ሰውነት ያገኘ ሲሆን፣ ለማንኛውም የተፈጥሮ ሰው ወይም በሕግ የሰውነት መብት ለተሰጠው አካል…» ግሡ ሦስተኛው ካርቶን ላይ ነው። ጸሐፊዋ ካርቶኑን በሁለት እጇ ከፍ አድርጋ ትይዝለታለች። ሁለተኛው ካርቶን ላይ እጇ ዝሎ ቀስ በቀስ ወረደ። ጋሼም ጽሑፉን ተከትሎ ቀስ በቀስ አጎነበሰ። በቪዲዮው ላይ ለሕዝብ እጅ የነሣ ይመስላል፤ ሳልቆርጥ ተውኩት።

አሥራ አራት ጊዜ ቀረጽን። «የደንበኞቻችንን መብትና ጥቅም…» ሲል ከታች «ቆራሌው!» ይላል። እንደገና። መብራት ሄደ፤ ጠበቅን። የጎረቤት ጄኔሬተር ተነሣ፤ ጠበቅን። ዘጠነኛው ላይ ሁሉም ነገር ሰመረና ወንበሩ አልፎ ዞረ፣ ጋሼ ተመልሶ ግድግዳውን እያየ «እንኳን ደህና መጣችሁ» አለ።

በመሀል ደፈር ብዬ፣ «ጋሼ፣ ለምን አንድ ሰው የሚጠይቅህን አንድ ጥያቄ ብቻ አትመልስም? ለምሳሌ ስለ ቤት ኪራይ። አንድ ደቂቃ አይፈጅም» አልኩት።

እንደ ሕፃን አየኝ። «ነጻ ምክር ከሰጠሁ ሰው በሩ ላይ ይሰለፍብኛላ!»

ይሰለፍብኛል! ማስታወቂያ ሠርቶ ሰው እንዳይሰለፍበት የሚጠነቀቅ ነጋዴ በየትኛው ሙያ ታገኛላችሁ? ልቤ ተነካ።

አያቶቻችን ይህን ጨዋነት አያውቁትም ነበር። በላ ልበልሃ የሚባለውን ሙግት አስቡት። ነገረ ፈጁ ዋርካ ሥር ይቆማል፤ ኩታውን ያጣፋል፣ ዘንጉን ይነቀንቃል፣ በመጀመሪያዋ ስንኝ መንገደኛውን ሁሉ ቀጥ ያደርገዋል። ገበያ ሊሄድ የወጣ ሰው በሰው ነገር ቆሞ ይውላል፣ ይፈርዳል፣ ያጨበጭባል። ሪንግ ላይቱ ፀሐይ፣ አልጎሪዝሙ አላፊ አግዳሚ ነው። ያን ሁሉ የሚያደርገው በአፉ ብቻ! ድንቅ ድህነት ነው። ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ ይሉ ነበር፤ ድሮን ስላልነበራቸው እኮ ነው።

ድሮን አልኩ? ከተማዋን ከሰማይ የሚያሳይ ምስል የሌለው የጠበቃ ቪዲዮ ልክ ቅቤ የሌለው ዶሮ ወጥ ነው። ድሮን መከራየት ለኛ በጀት የሚታሰብ አልነበረም። ስለዚህ ዩቲዩብ ላይ አንዱ ልጅ ለፍቶ ካነሣው ስድስት ሰከንድ ቆርጠን ወሰድን፤ ዋሽንቱንም እንዲሁ ከሌላ ሰው። ምስሉ በሚያልፍበት ጊዜ ከታች የድርጅቱ አገልግሎቶች በቢጫ ቀለም ይንሸራተታሉ፤ ወንጀል፣ ፍትሐ ብሔር፣ ንግድ፣ ውርስ፣ «የቅጂ መብት ጥበቃ»። የቅጂ መብት አዋጁ ራሱ፣ ቁጥር 410/1996፣ መደርደሪያው ላይ ሆኖ ከኋላ ያየናል። እሱም ዝም አለ።

የምሳ ሰዓት ላይ ስልኬን ጠረጴዛው ላይ ጋደም አድርጌ ሶኬት ፍለጋ ወጣሁ። ለካ መቅረጽ አላቆምኩም። ማታ ቤቴ ገብቼ በካፕካት ልቆርጥ ስል አገኘሁት። ምስሉ ጣሪያ ነው፤ ነጭ ጣሪያና የዘነዘናው ጫፍ። ድምፁ ግን ጥርት ያለ ነው። ሻይ የሚያፈሉት እናታችን ስኒ ሲያስቀምጡ ይሰማል። ከዚያ፣

«ልጄ፣ ያ አከራዬ የስድስት ወር በቅድሚያ አምጪ አለኝ። ካልሆነ በወሩ መጨረሻ ልቀቂ ይላል። ምን ይሻለኛል?»

«አይችልም፣ እማማ» ይላል ጋሼ። አፉ ውስጥ ምግብ አለ። «አዲስ አዋጅ ወጥቷል፣ 1320/2016። ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ አይበልጥም። ውሉ ደግሞ ከሁለት ዓመት ማነስ የለበትም። በጽሑፍ ይሁን፣ በ30 ቀን ውስጥ ወረዳ ወስዳችሁ አስመዝግቡት። እምቢ ካለ ለኔ ንገሪኝ፣ እኔ አናግረዋለሁ።»

«ቁጥሩን ድገምልኝ እስቲ።»

«አሥራ ሦስት ሃያ። በይ አይዞሽ፤ ሻዩ ስኳር በዝቶበታል።»

ሠላሳ ስምንት ሰከንድ። ካባ የለ፣ አግባብነት ያለው ድንጋጌ የለ። በሙያው ሚዛን ሲታይ አሳፋሪ ነው፤ ሴትዮዋ ሁሉም ነገር ገብቷቸዋል! አንድ ጠበቃ በካሜራ ፊት እንዲህ ከተናገረ ማን ያከብረዋል? ልሰርዘው ነበር። ግን በማግስቱ እማማ ራሳቸው «ያ ቁጥር ጠፋብኝ» ብለው ሲጠይቁኝ ድምፁን ለልጃቸው በቴሌግራም ላክሁላቸው። ከዚያ ወዲያ ረሳሁት።

ትልቁ ቪዲዮ በሐሙስ ተለቀቀ። አራት ደቂቃ ከሃያ። ጋሼ ስልክ ቁጥሩን ራሱ በወርቃማ ቀለም ከታች በስተቀኝ አስገባ። ቲክቶክ ላይ ያ ቦታ የልቧና የማጋሪያዋ ምልክት ነው፤ የመጨረሻዎቹ አራት አኃዞች እዚያ ሥር ተቀበሩ። ይህንንም እንደ ትሕትና ቆጥሬዋለሁ። በመጀመሪያው ቀን ባለቤቱ፣ ሁለቱ አጋሮቹ፣ እናቴና አንድ ካናዳ ያለ የዩኒቨርሲቲ ጓደኛው አዩት። «እንኳን ደስ አለህ ወንድሜ፣ ወንበሩ የት ተገዛ?» የሚል አስተያየት መጣ። ጋሼ ስልኩን ይዞ አላፊውን ሁሉ አሳየ። እኔም የሠርቶ አደር ኩራት ተሰማኝ።

ትናንት ማታ ደወለልኝ። ድምፁ ተለውጧል።

«ስማ፣ አንዱ ቀሽም ገበያችንን እያበላሸ ነው።»

«ማን፣ ጋሼ?»

«አላወቅነውም። ፊቱን አያሳይም፣ ጣሪያ ቀርጾ ነው የሚለቀው። ስለ ኪራይ በነጻ ይመክራል። የመንደሩ ተከራይ ሁሉ በቴሌግራም ይቀባበለዋል፤ ዛሬ ሁለት ሰው ቢሮዬ ድረስ መጥቶ ‘ያንን ጠበቃ ታውቀዋለህ ወይ’ አለኝ። አፉ ሙሉ ምግብ ይዞ ያወራል፣ ባለጌ! በሥነ ምግባር ነው የምከሰው።»

ምን ልበል? ዝም አልኩ።

«ለማንኛውም ቅዳሜ ና» አለኝ። «መልስ እንሰጠዋለን። ከሱ የሚበልጥ ወንበር አዝዣለሁ።»