ኢትዮጵያን ማየት

ራዕይ ከላይ ይወርዳል የሚሉት የድሮ ሰዎች ናቸው። ዛሬ ወደ ራዕዩ የምንወርደው እኛ ነን፤ በፍጥነት መንገዱ፣ በሁለት የድርጅት መኪና፣ ወደ ቢሾፍቱ። ዮሐንስ በፍጥሞ ደሴት ያየውን ሲያይ ግዞተኛ ነበር፤ ምሳ የተያዘለት የለም፣ አበልም አልታሰበለትም። ያየው ነገር አብዛኛው አስፈሪ የሆነበት ለዚህ ይመስለኛል። ሐይቅ ዳር ተቀምጦ በቀን ሁለቴ ለሻይ የሚነሳ ሰው ግን የሚታየው መልካም መልካሙ ብቻ ነው።

ለበጎ አድራጎት ድርጅቶች የራዕይ ቀረጻ ሦስት ጊዜ ተጋብዤ ተቀምጫለሁ፤ ሦስቴም ልቤ ተነክቶ ተመልሻለሁ። የድርጅቶቹን ስም አልጠራም። የጻፉትን ራዕይ እዚህ ብገለብጠው እንኳ የትኛው የማን እንደሆነ ራሳቸውም አይለዩትም፤ አንዱ የዓይነ ስውራን፣ አንዱ የጎዳና ልጆች፣ አንዱ የንብ ማነብ መሆኑን ብቻ ልናገር።

ሥራው የሚጀመረው በትውውቅ ነው። አመቻቹ «ራሳችሁን በአንድ ፍራፍሬ ግለጹ» ይላል። ዳይሬክተሯ ማንጎ ይሆናሉ፣ ፕሮግራም ኃላፊው አቮካዶ። ሒሳብ ሹሙ አቶ ታደሰ እንበለውና ብዙ አስቦ «ሎሚ» አለ። ከዚያ ባለቀለም ተለጣፊ ወረቀት ይታደላል፣ በቡድን ይከፈላል፣ ግድግዳው ቢጫና ሮዝ ይለብሳል። ከሰዓት በኋላ የቃል ጦርነት ነው። «የበለጸገች» ይግባ ሲባል አንዱ «የፓርቲ ስም ይመስልብናል» አለ። «ያደገች» ሲባል ሌላው «በስንት?» ብሎ ጠየቀ። አንድ ሰዓት ተኩል ከፈጀ ክርክር በኋላ በ«ለመለመች» ተስማማን። የተጨበጨበውን ጭብጨባ ሰርግ ላይ አልሰማሁትም።

በመጨረሻ የወጣው ይህ ነበር፦ «ድህነት የጠፋባት፣ ፍትሕ የሰፈነባትና ዜጎቿ ሁሉ በክብር የሚኖሩባት የለመለመች ኢትዮጵያን ማየት።»

እባካችሁ መጨረሻዋ ላይ ቆም በሉ። ማየት! «ማድረግ» ቢል ኖሮ ነገ ሰው መጥቶ «አደረጋችሁ?» ይላል። «መገንባት» ቢል የግንበኛ ሒሳብ ይመጣል። ማየት ግን ማንንም ዕዳ ውስጥ አይከትም። በረንዳ ላይ ወንበር አውጥቶ፣ እግር ዘርግቶ ማየት ነው። ካልታየ ደግሞ ጥፋቱ የኢትዮጵያ ነው እንጂ የተመልካቹ አይደለም። በዚህ ረገድ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ትንሽ ይሳሳታሉ፤ «በዚህ ዓመተ ምሕረት በአፍሪካ ተመራጭ ሆኖ ማየት» ብለው ዓመት ይጠቅሳሉ። ዓመቱ ሲደርስ ቁጥሯ ላይ ስቲከር መለጠፍ ሊኖርባቸው ነው።

ጥሩ ራዕይ ደግሞ ተለማጭ መሆን አለበት። በ2001 የወጣው አዋጅ 621 ከገቢው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኝ ድርጅት በሰብዓዊ መብት እንዳይሠራ ሲያግድ፣ ከብዙ ድርጅት ግድግዳ ላይ «መብት» ወረደች፣ «ልማት» ወጣች። (አዋጁ ክፉ ነበር፤ በእሱ አልቀልድም። የሚደንቀኝ የዓረፍተ ነገሩ ጤና ነው፤ አጥንቱ ወጥቶለት እንኳ አላነከሰም።) በ2011 አዋጅ 1113 መጣና «መብት» ተመልሳ ገባች። ያው አዋጅ አስተዳደራዊ ወጪ ከጠቅላላ ገቢ 20 በመቶ እንዳይበልጥ ይላል፤ የቢሾፍቱው ጉዞ ግን አያሳስባችሁ፣ በ«አቅም ግንባታ» ተይዟል።

እንዲህ ያለውን ጥበብ የማያውቁም አሉ። የቀድሞውን የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የጂሚ ካርተርን በጎ አድራጎት ድርጅት፣ የካርተር ማዕከልን ውሰዱ። ጊኒ ዎርምን፣ በመጠጥ ውሃ ገብቶ ሰው ሰውነት ውስጥ የሚያድገውን ትል፣ ከምድር ላይ እናጠፋለን ብለው እ.ኤ.አ. በ1986 ተነሡ። ያኔ በዓመት 3.5 ሚሊዮን ያህል ሰው ይያዝ ነበር። መድኃኒት የለው፣ ክትባት የለው፤ ውሃ በጨርቅ እያጠለሉ፣ ኩሬ እያከሙ፣ መንደር ለመንደር እየዞሩ ቀጠሉ። የእኛው ጋምቤላ ውስጥ ውሻና ዝንጀሮ ሳይቀር ይከታተላሉ። እ.ኤ.አ. በ2024 በዓለም ሁሉ የተመዘገበው ታማሚ 15 ሰው ነው። ምን ዓይነት ሞኝነት ነው! ማንም ሰው ተነሥቶ ሊቆጥረው የሚችል ራዕይ። ቁጥሩ አንድ ከፍ ባለ ቁጥር ያሳፍራል፤ ዜሮ የገባ ቀን ደግሞ ሥራው አለቀ ማለት ነው። ቢሾፍቱ ወስዶ የሚያማክራቸው ሰው አጥተው ነው እንጂ «ከትል የጸዳች፣ የለመለመች ዓለምን ማየት» ቢሉ ኖሮ እስከ ምጽአት ይሠሩ ነበር።

የሰፈራችን እድርም ያሳዝነኛል። ራዕይ የለውም። ድንኳን፣ ወንበር፣ ድስትና ጥሩምባ ነፊ ብቻ ነው ያለው። ሰው ሲሞት ድንኳኑ ይተከላል፤ ካልተተከለ ዳኛው በስብሰባ ይሰደባል። እስካሁን ፍራፍሬ የሆነ አባል የለም።

ሁለተኛው ቀን ላይ ሎሚው እጁን አወጣ። «ይቅርታ፣ ይሄ ነገር ሲሳካ በምን እናውቃለን? ማለቴ… ስንት ልጅ ከጎዳና ሲነሳ ነው በቃን የምንለው?»

አዳራሹ ጸጥ አለ። አመቻቹ ፈገግ ብሎ «ግሩም ጥያቄ! ፓርኪንግ ሎት ላይ እናቁመው» አለ። ፓርኪንግ ሎት ማለት በሩ አጠገብ የሚለጠፍ ነጭ ፍሊፕ ቻርት ነው፤ ጊዜ ሲኖር የሚመለሱ ጥያቄዎች የሚቆሙበት። እስከ ዛሬ ከዚያ የወጣ መኪና አላየሁም።

በ2017 ጥር የአሜሪካ ዕርዳታ ቀጥ ሲል የእነ አቶ ታደሰ ድርጅት ገንዘብም ቀጥ አለ። ዘጠኝ ሠራተኛ ተቀነሰ፤ የልጆቹ የምሳ ፕሮግራም ተዘጋ። ቢሮውን ልጠይቅ ሄጄ ራዕዩ በመስታወት ፍሬም እንደተሰቀለ አገኘሁት፤ አንዲት ፊደል አልተነካችም። ማየት እንዲህ ነው፤ በጀት አይፈልግም።

አቶ ታደሰ ዕቃውን እየሰበሰበ ነበር። ካርቶኑ ውስጥ ካልኩሌተሩ፣ የሻይ ብርጭቆውና አንድ የተጠቀለለ ትልቅ ወረቀት አለ። ከቢሾፍቱ ስንመለስ ሊጣል ሲል ያነሣው የፓርኪንግ ሎት ወረቀት ነው።

«ምን ያደርግልሃል?» አልኩት።

«ጀርባው ንጹሕ ነው» አለኝ፤ «ልጄ ይስልበታል።»