ድንጋዩን ጣሉ፣ ክሩን ሰብስቡ

ሐዋሳዎች፣ ዛሬ ሳልሸፋፍን ልናገር። ከመስከረም እስከ ኅዳር በሐይቃችን ዳር የምናደርገው ነገር ልክ አይደለም። ጥፋቱም የአንድ ሰው አይደለም። ዓሣ አጥማጁም፣ ጀልባ ነጂውም፣ ፎቶ አንሺውም፣ ሆቴል የከፈተውም፣ ቅዳሜ ከሰዓት ፍቅር ሐይቅ ላይ ቁጭ ብሎ ቡና የሚጠጣውም አለበት። ከሌላ ከተማ ዘመድ ሲመጣ መጀመሪያ የምናሳየው ሐይቁንና ወፎቹን ነው፤ እንፎክርባቸዋለን። ወፎቹ በጣም ደክመው በሚደርሱበት ሰሞን ግን ማረፊያ እናሳጣቸዋለን።

መጀመሪያ እነማን እንደሚመጡ እንወቅ። በዚህ ወቅት ስለ ወፍ ሲነሳ አብዛኛው ሰው የሚያስበው የመስቀል ወፍን ነው። የመስቀል ወፍ የምንላቸው ግን ብዙዎቹ የትም ሄደው አልመጡም፣ እዚሁ የሚኖሩ ናቸው፤ ወንዶቹ በክረምት ለመራቢያ ደማቅ ላባ ስለሚያወጡ ነው ድንገት የመጡ የሚመስለን። ከሩቅ የሚመጡት ሌሎች ናቸው። አውሮፓና እስያ ብርዱ ሳይጠና ከዚያ ይነሱና የስምጥ ሸለቆን ይዘው ወደ እኛ ይወርዳሉ። ከነሱም ገሚሶቹ እዚህ ከርመው መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ይመለሳሉ፤ ሌሎቹ ትንሽ አርፈው፣ በልተው፣ ወደ ደቡብ ይቀጥላሉ።

ትልልቆቹ፣ እነ ንስርና ሽመላ፣ ያን ሁሉ መንገድ ክንፍ እያርገበገቡ አይዘልቁትም። ፀሐይ ካሞቀችው መሬት የሚነሳው አየር ወደ ላይ ያወጣቸዋል፣ ከዚያ ክንፋቸውን ዘርግተው ይንሳፈፋሉ። ሰፊ ባሕር ላይ እንዲህ ያለ አየር አያገኙም። ስለዚህ ቀይ ባሕርን ጠባብ ቦታ ፈልገው፣ ለምሳሌ በባብ ኤል መንደብ በኩል ይሻገራሉ፣ ወይም በሱዌዝ ዞረው ይመጣሉ። በዚህ የስምጥ ሸለቆና የቀይ ባሕር መስመር በየዓመቱ ከ1.5 ሚሊዮን በላይ ተንሳፋፊ ወፎች ያልፋሉ። በዓለም ላይ ለእነዚህ ወፎች ከአንዱ በስተቀር የሚበልጠው መንገድ የለም። እኛ ደግሞ ቤታችንን የሠራነው እዚሁ መንገድ ላይ ነው።

ትንንሾቹን ደግሞ ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ጠዋት ጉዱማሌ ሣሩ ላይ ቆም ብላችሁ እዩ። ሆዷ ቢጫ የሆነች፣ ጭራዋን ከፍ ዝቅ ሳታደርግ መቆም የማትችል፣ ዝንብ እያሳደደች እየሮጠች የምትበላ ወፍ አለች። ክብደቷ 17 ግራም አካባቢ ነው። ይቺ ናት በረሃ አቋርጣ የመጣችው። ሰውነቷ ውስጥ ያጠራቀመችውን ስብ መንገድ ላይ ጨርሳዋለች፤ እዚህ ስትደርስ ሥራዋ መብላትና ማረፍ ብቻ ነው። ባስበረገግናት ቁጥር ያላትን ትንሽ ጉልበት እያስጨረስናት ነው። ይሄን ነገር በደንብ ያዙልኝ፣ ከዚህ በኋላ የምለው ሁሉ የሚመጣው ከዚህ ነው።

ክሩን ልጀምር። በዚህ ሰሞን አሞራ ገደል አካባቢ አንድ እግረ ረጅም ወፍ ጭቃው ላይ ሲወድቅ ሲነሳ አየሁ። ጠጋ ብለን ስናይ የዓሣ ማጥመጃ ናይሎን ሁለቱን እግሮቹን አንድ ላይ አስሯቸዋል፤ ከጣቶቹ በላይ ቆዳውን በልቶ ሥጋው ውስጥ ገብቷል። አንድ ዓሣ አጥማጅ ጃኬቱን ጣል አድርጎበት ያዘው፣ በዓሣ መበለቻ ቢላዋው ቀስ አድርጎ ቆርጦ ለቀቀው። እግዜር ይስጠው። ግን ያ ክር ከሰማይ አልወረደም። እዚያው ዳር ላይ የተበጠሰ መረብና የተወሳሰበ ናይሎን ከነመንጠቆው ተጥሎ ይታያል፣ በላዩ እየተራመድን እንሄዳለን።

ናይሎን እንደ ቃጫ ገመድ አይበሰብስም። በዚያ ላይ ሐይቃችን መውጫ የለውም። ጥቁር ውሃ ወንዝ ይገባበታል፣ ከሐይቁ የሚወጣ ወንዝ ግን የለም። የጣልነውን ነገር የሚወስድልን ጎርፍ የለም ማለት ነው። የዛሬ አምስት ዓመት የተጣለው ክር አሁንም እዚያው ነው፣ የዘንድሮው ይጨመርበታል። ስለዚህ ዓሣ አጥማጅ ወንድሞቼ፣ የተበጠሰውን ክር እዚያው አትጣሉ። ኪሳችሁ ይግባ፣ ጀልባችሁ ላይ አንድ ጆንያ ይኑር። ያረጀ መረብ ውሃ ውስጥ ጥላችሁ አትሂዱ፤ ባለቤት የሌለው መረብ ዓሣውንም ለዓሣ ብሎ የሚጠልቀውን ወፍም ዝም ብሎ ይገድላል፣ ለማንም እንጀራ አይሆንም።

ጀልባ ነጂዎች፣ አሁን ወደ እናንተ ነኝ። ዳክዬዎቹና ፔሊካኖቹ ተሰብስበው ባረፉበት ሞተሩን እስከ መጨረሻው ከፍቶ መግባት፣ ወፎቹ ሁሉ ብር ሲሉ ቱሪስቱ ቪዲዮ እንዲቀርጽ ማድረግ፣ ይሄ ነውር ነው። ደንበኛው ጠይቆኝ ነው አትበሉኝ። ደንበኛው አያውቅም፣ እናንተ ታውቃላችሁ። ሞተሩን ራቅ ብላችሁ አጥፉና በመቅዘፊያ ቀስ ብላችሁ ቅረቡ፤ ወፎቹ አንገታቸውን ቀና ማድረግ ሲጀምሩ ቁሙ። ያኔ ደንበኛችሁ የተሻለ ፎቶ ነው የሚያገኘው፣ ቢጠየቅ እሱም አይጠላም። ሙዚቃውንም ቀንሱት። ሐይቁ ላይ ሆናችሁ የምትከፍቱት ዘፈን ታቦር ተራራ ድረስ ይሰማል።

ወላጆች ደግሞ ልጆቻችሁን ያዙ። ድንጋይና የላስቲክ ወንጭፍ ይዞ ሐይቅ ዳር የሚውለውን ልጅ "ልጅ ነው፣ ይጫወት" ብላችሁ አትለፉት። ልጁን አትምቱት፣ አስተምሩት። ከዚያ ሁሉ አገር የመጣች ወፍ እንደሆነች የነገራችሁት ልጅ ወንጭፉን ራሱ ይጥለዋል፣ ልጆች እንደኛ ልባቸው አልደነደነም። "ግሪሳ ነው፣ እህል ይጨርሳል" የሚል ሰውም አይጠፋም። ግሪሳ ማሽላና ጤፍ ላይ የሚያደርሰውን አውቃለሁ፣ ገበሬውን አልወቅስም። ግን ግሪሳ የዚሁ የአፍሪካ ወፍ ነው፣ ከአውሮፓ አይመጣም፣ መንቁሩም ወፍራም የእህል ፈላጭ መንቁር ነው። እነዚህ ቀጭን መንቁር ያላቸው መንገደኞች ብዙዎቹ ዝንብና ትንኝ፣ ትልና ፌንጣ ነው የሚበሉት። ትንሽ ወፍ ሁሉ ግሪሳ አይደለም። ትንኝ የሚበላልንን ወፍ በድንጋይ እያባረርን ማታ አጎበር ውስጥ ተደብቀን እንተኛለን።

ስለ ዳርቻው ያለኝ ቅሬታ ከሁሉም ይበልጣል። ሐይቅ ዳር ያለው ፊላና ደንገል ለብዙዎቻችን የሚመነጠር ጫካ፣ የወባ ትንኝ መደበቂያ፣ ከሆቴሉ በረንዳ ላይ ሐይቁን እንዳናይ የሚከልለን ነገር ነው። ለወፎቹ ግን መኝታቸውና መብያቸው እሱ ነው። ለዓሣውም ጫጩቱን የሚደብቅበት እሱ ነው፣ የቆሮሶ ዓሣ ወዳጆች ይሄን ልብ በሉ። አንድ ሰው አሥር ሜትር ይመነጥራል፣ ጎረቤቱ አይቶ ሃያ ይጨምራል፣ ሦስተኛው አፈር ይደፋበትና ድንኳን ይተክልበታል። ሁሉም "የእኔ ትንሽ ናት" ይላል። በምሥራቅ በኩል ያለውን ጨለለቃ እዩት። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ገና ሐይቅ የነበረ ቦታ ነው። ከደጋው የወረደው ደለል ሞላውና ረግረግና ግጦሽ ሆነ። ደለሉ ወደ ትልቁ ሐይቅ ከመግባቱ በፊት የሚያስቀረው ያ ረግረግ ነበር፤ ዛሬ ደግሞ እሱንም ቤት ልንሠራበት፣ ልናርሰው እንጣደፋለን። ረግረግ መሬት ባዶ መሬት አይደለም። ባለቤት የሌለው የሚመስላችሁ መሬት ላይ ነው መንገደኞቹ የሚያርፉት።

አሞራ ገደል ስለሚውለው፣ አባ ኮዳ ስለምንለው ትልቅ ወፍም አንድ ነገር ልበል፣ ምንም እንኳን እሱ ዓመቱን ሙሉ የእኛው ነዋሪ ቢሆንም። የዓሣ አንጀት መወርወራችሁን አልቃወምም፣ ለዘመናት የኖረ ነገር ነው፣ ቦታውንም ያጸዳልናል። ግን አንጀቱን ከነፌስታሉ አትወርውሩ። አባ ኮዳ ለይቶ አይበላም፣ የዓሣ ጠረን ያለውን ሁሉ ይውጣል፤ ፌስታሉ ሆዱ ውስጥ ይቀራል። ሃይላንዱንም፣ የሚጥሚጣ ብልቃጡንም እንደዚሁ። ፎቶ ለመነሳት ብሎ ክንፉን የሚጎትተውን ወጣት ደግሞ እዚያው አጠገቡ ያለ ሰው ይገሥጸው፤ ትልቅ ሰው ቆሞ እያየ ዝም የሚልበት ከተማ አልነበርንም።

ሆቴሎች፣ ከናንተ የምፈልገው ቀላል ነው። ከትንንሾቹ መንገደኞች ብዙዎቹ የሚበርሩት ሌሊት ነው። ወደ ሰማይ የሚረጭ ኃይለኛ መብራት አቅጣጫቸውን ያሳስታቸዋል፣ እዚያው ሲዞሩ ያነጋሉ፣ ከመስታወት ጋርም ይጋጫሉ። ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ የጌጥ መብራቱን አጥፉ። መብራት ከፍላችሁ ነው የምታበሩት፣ ቆጣቢ ትሆናላችሁ እንጂ የሚጎድልባችሁ የለም።

አሁን የምትሉኝን አውቃለሁ። ኑሮው ተወዷል፣ ሰው ለራሱ መብላት አቅቶት አንተ ስለ ወፍ ታወራለህ። እውነት ነው፣ ኑሮው ከብዷል። እስካሁን ከዘረዘርኩት ውስጥ ግን ገንዘብ የሚያስወጣ የቱ ነው? ክር ኪስ ውስጥ መክተት? ሞተር ማጥፋት? መብራት መቀነስ? ታኅሣሥ 19 ለቅዱስ ገብርኤል ከየአገሩ ሰው ሲመጣ ደጃችንን ከፍተን፣ መኝታችንን ለቀን የምናስተናግድ ሰዎች ነን። አቅም ስላለን አይደለም፣ መንገደኛ ማስተናገድ ስለምናውቅ ነው። ደግሞም ከሐይቁ የሚበላ ሰው ሁሉ፣ ከዓሣ ሻጯ እስከ ባጃጅ ሹፌሩ፣ ሰው ሐዋሳ ስለሚመጣ ነው የሚበላው። ሰው የሚመጣው ደግሞ ሐይቁ ሕይወት ስላለው ነው።

"መንግሥት ምን ይሠራል?" የሚለውም ይመጣል። ጠይቁት፣ እኔም እጠይቃለሁ። ኢትዮጵያ በ2010 እ.ኤ.አ. የስደተኛ የዱር እንስሳት ስምምነት አባል ሆናለች፤ እነዚህን ወፎች ለመጠበቅ ቃል የገባ አገር ነው ያለን። ዳርቻው ሲመነጠር ቀበሌ ሄዳችሁ በጽሑፍ አመልክቱ፣ ፎቶ አያይዙ። ግን ናይሎኑን የጣለው መንግሥት አይደለም፣ ድንጋዩን የወረወረውም እሱ አይደለም።

ማድረግ ለምትፈልጉ፣ መጀመሪያ ማየት ልመዱ። ከ1966 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር አለ፣ አግኟቸውና ጠይቋቸው። ስልክ ላላችሁ ወጣቶች ኢበርድ የሚባል ነፃ አፕ አለ፤ የት፣ መቼ፣ ምን ወፍ እንዳያችሁ ትመዘግባላችሁ፣ መረጃው ለተመራማሪዎች ይጠቅማል። የወፉን ስም አለማወቅ አያሳፍርም፣ ጠይቆ ይታወቃል። የባዮሎጂ መምህራን፣ ተማሪዎቻችሁ የወፍ ፍልሰትን ከመጽሐፍ ሸምድደው ፈተና ላይ ይጽፋሉ፤ ፍልሰቱ ግን በእግር ሃያ ደቂቃ ርቀት ላይ ነው ያለው። አንድ ክፍለ ጊዜ ውሰዷቸው።

የዓለም የስደተኛ ወፎች ቀን በዓመት ሁለቴ ይከበራል፤ አንዱ በፈረንጆቹ ጥቅምት ሁለተኛው ቅዳሜ ነው፣ በእኛ መስከረም መጨረሻ ወይም ጥቅምት መግቢያ ላይ ይውላል። ቲሸርት አሳትመን፣ ባነር ይዘን፣ ፎቶ ተነስተን እንዳንበተን። ጀልባ ያላችሁ ያን ቀን ጠዋት ሁለት ሁለት ተማሪ ይዛችሁ ውጡ፣ ያዩትን ይቁጠሩ፣ ይጻፉ። የዕድር ዳኞች ደግሞ ለሚቀጥለው ስብሰባ የሐይቅ ዳር ጽዳትን አጀንዳ አድርጋችሁ ያዙ። ለጽዳቱ የምትመጡ ማጭድ እንዳትይዙ፣ ፊላው አይነካም። ጓንት፣ ጆንያና ክር መቁረጫ መቀስ ይዛችሁ ኑ፤ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ፣ ፀሐዩ ሳይበረታና ጀልባዎቹ ሳይነሱ።