እርማት፦ ጎማው ጎን ላይ ያለው ቁጥር ልኩ አይደለም

ወንድሜ፣ «ጎማው ጎን ላይ የተጻፈውን ያህል አየር አስሞላ» ያልከው ስህተት ነው። ብዙ ሰው እንዲህ ያምናል፤ ጎሚስታ ቤትም ሲባል ሰምቻለሁ። እዚያ ላይ ያለው 44 ወይም 51 ፒኤስአይ (የአየር ግፊት መለኪያ) ጎማው የሚችለው ከፍተኛው ግፊት ነው። የመኪናህ ልክ የሹፌሩን በር ስትከፍት፣ ምሰሶው ላይ የተለጠፈው ስቲከር ላይ ነው። ከጃፓን በመጡ መኪኖች ላይ ብዙ ጊዜ በሌላ የግፊት መለኪያ፣ በኪሎፓስካል ተጽፎ ታገኘዋለህ፤ 230 ማለት 33 ፒኤስአይ ገደማ ነው።

ከልክ በላይ የተነፋ ጎማ መሃሉ ቶሎ ያልቃል። ዝናብ ላይ ፍሬን ስትይዝም አስፋልቱን በደንብ አይጨብጥም። እባክህ ቤተሰብ ጭነህ እንዲህ አትንዳ!

ደግሞ የምትለካው ጠዋት፣ መኪናው ሳይንቀሳቀስ ነው። አዳማ ስትደርስ ጎማው ግሎ 4 ፒኤስአይ ጨምሮ ብታገኘው አታስተንፍሰው፤ ሲበርድ ይጎድልብሃል።