«ያልቻለ ቀርቦ ያናግረን»

ባለፈው ሳምንት የሰፈራችን የስካውት ቡድን ኮሚቴ በወላጆች የቴሌግራም ግሩፕ ላይ አንድ ማስታወቂያ ለጠፈ። አጭር ነው። ከዚህ ወር ጀምሮ ሙሉ ዩኒፎርም ያልለበሰ ልጅ ቅዳሜ አይሰለፍም፤ ክረምት ላይ ወደ ካምፕም አይሄድም። ሙሉ ማለት የካኪ ሸሚዝ፣ የካኪ ሱሪ፣ ቀበቶ፣ ባርኔጣ፣ ስካርፍ፣ ባጅ እና ረጅም ካልሲ ነው። የሚገዛውም ኮሚቴው ከተስማማበት አንድ ልብስ ሰፊ ብቻ። መጨረሻ ላይ እንዲህ ይላል፦ «ያልቻለ ወላጅ ቀርቦ ያናግረን»።

እሑድ ስብሰባ ተጠራና ሄድኩ። ባልሄድ ይሻለኝ ነበር።

ሰብሳቢው ተነሥተው «ዩኒፎርም እኩል ያደርጋል፤ ካኪውን ከለበሱ በኋላ የሀብታሙና የድሃው ልጅ አይለዩም» አሉ። ግማሹ ወላጅ በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ። እኔ ደሜ ፈላ።

«ከለበሱ በኋላ» የምትለዋን ያዙልኝ። ካልለበሱስ? እስከዛሬ ልጆቹ ያገኙትን ለብሰው ነበር የሚመጡት። አንዱ ጂንስ፣ አንዱ ቱታ፣ አንዱ የታላቅ ወንድሙን ሹራብ። ማንም ማንንም አይቆጥርም ነበር። አሁን ሃያ አራቱ ካኪ ለብሰው ስድስቱ ባይለብሱ፣ ከመንገዱ ማዶ ሱቅ በራፍ ላይ የተቀመጠ ሰው እንኳ ያልቻለው ማን እንደሆነ አንድ፣ ሁለት ብሎ ይቆጥራል። ድህነትን ለመደበቅ ተብሎ ድህነትን በሰልፍ የሚያሳይ መላ ተገኘ ማለት ነው። እሱም ቢሆን ልጆቹ እንዲሰለፉ ከተፈቀደ ነው። ማስታወቂያው ግን ዳር ቁሙ ነው ያላቸው።

ይባስ ብሎ መሥራቹን ጠሩብን። «ስካውትን የመሠረተው ጄኔራል ነው፤ ያለ ዩኒፎርም ስካውት የለም» ተባለ። ይሁን፣ ወደ መሥራቹ እንሂድ። እኔም ልጄ ከገባ ወዲህ ስለ ሰውየው ያገኘሁትን ሁሉ ሳነብ ነው የከረምኩት።

ቤደን ፓወል የመጀመሪያውን ካምፕ ያደረገው እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1907 ነው። ቦታው በደቡብ እንግሊዝ ያለችው ብራውንሲ የምትባል ትንሽ ደሴት ነች። ሃያ ያህል ልጆች ሰበሰበ። አሥሩ እንደ ኢተንና ሃሮው ካሉ የመኳንንት ትምህርት ቤቶች የመጡ ናቸው፤ የቀሩት ከቦርንመዝና ከፑል ከተሞች የመጡ የተራ ሰው ልጆች። በዚያ ዘመን እንግሊዝ እነዚህ ሁለት ዓይነት ልጆች በአንድ መንገድ ላይ እንኳ ሰላም አይባባሉም። እና ሰውየው ምን አለበሳቸው? የዩኒፎርም ሸሚዝ አልነበረም። የካኪ ስካርፍ ሰጣቸው፣ ከነሐስ የተሠራ ባጅ ሰጣቸው፣ ትከሻቸው ላይ የምትንጠለጠል ባለ ቀለም ክር ሰጣቸው። አረንጓዴ ለኮርማዎቹ ምድብ፣ ሰማያዊ ለተኩላዎቹ፣ ቢጫና ቀይ ደግሞ በወፍ ስም ለተጠሩት ለሌሎቹ ሁለት። በቃ። ዛሬ በመላው ዓለም ያለው ስካውት ሁሉ ከዚያ ካምፕ የወጣ ነው። የእኛ ኮሚቴ በዚያን ቀን ብራውንሲ ላይ በር ጠባቂ ቢሆን ኖሮ ሃያውንም ልጆች ወደ ጀልባቸው ይመልሳቸው ነበር!

ከስካርፉ ይልቅ የሚገርመኝ ግን ክፍያው ነው። የሀብታሞቹ ልጆች ለካምፑ አንድ ፓውንድ ከፈሉ። የሌሎቹ ሦስት ሽልንግ ከስድስት ፔኒ። አንድ ፓውንድ ያኔ ሃያ ሽልንግ ነው፤ እንግዲህ አስሉት፣ አምስተኛውን እንኳ አይሞላም። ለሁሉም አንድ ድንኳን፣ አንድ ምግብ፣ አንድ እሳት ዳር። ሰውየው እኩልነት የሚጀምረው ከልብስ ሰፊው ሳይሆን ከገንዘብ ተቀባዩ ጠረጴዛ መሆኑ ገብቶታል። እኛ ዘንድ ግን ሊስትሮ ሆኖ ልጁን የሚያሳድገው አባትና ሁለት ሚኒባስ ያለው አባት እኩል ይከፍላሉ። ይሄንንም እኩልነት ብለው ሊሸጡልን ነው።

እዚያው ስብሰባ ላይ ይህንን አነሣሁ። አንድ የኮሚቴ አባል «ያ በጅምሩ ነው፣ በኋላ ዩኒፎርም አምጥቷል» አለኝ። እውነት ነው፣ አምጥቷል። ያቺ ሰፊ ባርኔጣና ያ ካኪ ሸሚዝ እሱ ራሱ ደቡብ አፍሪካ ካቋቋመው የፖሊስ ኃይል ልብስ የተወሰዱ ናቸው። ግን ይኸው ሰው በኋላ ሲጽፍ፣ ልጁ ልቡ ሥራው ላይ እስካለና ሕጉን እስከጠበቀ ድረስ ዩኒፎርም ለበሰ አልለበሰ ደንታ እንደሌለው ተናግሯል። አስከትሎም፣ መግዛት እየቻለ የማይለብስ ስካውት የለም ማለት ይቻላል ብሏል። «እየቻለ» ነው ያለው። የእኛ ኮሚቴ አንብቦ ከሆነ ይቺን ቃል ዘሏታል። ከመጀመሪያዎቹ የስካውት ሕጎች አራተኛው ስካውት ለሌላው ስካውት ወንድም ነው፣ የየትኛውም መደብ ልጅ ቢሆን፣ ይላል። ልጆቻችን ይህንን ሕግ በቃላቸው ያውቁታል፤ ቅዳሜ ቅዳሜ በጩኸት ነው የሚሉት። በዚህ ከቀጠልን ስድስቱ ልጆች ሕጉን ከአጥር ውጭ ቆመው ሊሰሙት ነው።

አሁን ወደዚያች «ቀርቦ ያናግረን» ልመለስ፤ ከሁሉ ያበሳጨችኝ እሷ ነች። የጻፋት ሰው ቸርነት መስሎታል። የእኛን ሰው አያውቀውም እንዴ? ይሉኝታ የሚባል ነገር አለ። ለእድር አንድም ወር ሳያጓድል ተበድሮ የሚከፍል አባት፣ ሰባት የኮሚቴ አባላት ፊት ቆሞ «ለልጄ ካልሲ መግዛት አቃተኝ» ሊል? አይልም። ልጁ ታሟል ይላል። ፈተና ደርሶበታል ይላል። ከዚያ ልጁ በዚያው ይቀራል፤ ኮሚቴውም «ፍላጎት የላቸውም» ብሎ ስሙን ይሰርዛል።

ለእኩልነት ብሎ ዩኒፎርም የፈለገ መንገዱን ያውቀዋል። የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር በ2012 የትምህርት ዘመን ለመንግሥት ትምህርት ቤት ተማሪዎች ዩኒፎርምና ደብተር በነጻ ማደል ሲጀምር «ያልቻለ ይቅረብ» አላለም። ለሁሉም ሰጠ። የቻለውም ያልቻለውም አንድ ወረፋ ላይ ቆሞ ወሰደ። እኩል ያደርጋል የሚባለው እንዲህ ሲሆን ነው። ኮሚቴው ገንዘብ የለኝም ይል ይሆናል። እንግዲያው ስካርፍ ይስጥ። አንድ ሜትር ጨርቅ ስንት ስካርፍ እንደሚወጣው ማንኛዋንም የመርካቶ ነጋዴ ይጠይቅ። ከሰባቱ ዕቃ ለልጁ የሚጠቅመውም እሱ ነው። እጁ ሲሰበር ማንጠልጠያ ይሆናል፣ ሲቆስል ይታሰርበታል፣ አቧራ ሲነሣ አፍንጫ ይሸፈንበታል። ረጅም ካልሲ ምን ይሠራል?

ካኪውን ጠልቼው እንዳይመስላችሁ። ያምራል። የእኔ ልጅ ሰባቱም ዕቃ አለው፤ ከማስታወቂያው በፊት ነው የገዛሁለት፣ መጀመሪያ ቀን ስካርፉን አንገቱ ላይ አስሮ ነው ያደረው። ጎረቤታችን ያለው ጓደኛው ግን ከሰባቱ አንዱም የለውም። ስለዚህ ለልጄ ነገርኩት፤ ካኪው ቁም ሳጥን ውስጥ ይሰቀላል፣ በመጪው ቅዳሜ ሁለታችሁም በቲሸርትና በስካርፍ ትሄዳላችሁ፣ ለጓደኛህ ስካርፍ እኔ አሰፋለታለሁ። የሚመልሱ ከሆነ ሁለታችሁንም ይመልሱ።

ልጄ አኩርፏል። ባጁን በገዛ እጁ ነው ሸሚዙ ላይ የሰፋው፤ መርፌ ሁለት ጊዜ ወግቶታል። ትናንት ማታ ራት አልበላም አለ። እስከ ቅዳሜ ገና አራት ቀን አለን።